ዋናው ዘፋኝ እስኪመጣ

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነበር፤ ዋናው ዘፋኝ እስኪመጣ ሕዝቡን ማቆየት። አዳማም ይሁን ጅማ፣ ጊታሩን አንግቶ ቀድሞ ይወጣል፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ አራት የብሉዝ ዘፈን ይለቃል። ሰው ገና ወንበር እየፈለገ፣ ገና ቢራ እያዘዘ ነው። ማጨብጨቡ ቀርቶ፣ «ኧረ ውረድልን!» የሚለውም አይጠፋም። እሱ ግን አይከፋውም። አራተኛውን ሲጨርስ ፈገግ ብሎ፣ «ትንሽ ታገሡን፣ ዋናው ዘፋኝ መንገድ ላይ ነው» ይልና ይወርዳል።

የመጀመሪያ አልበሙ በወጣ በወሩ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ላይ ጉድ ሆነ። ገና ጊታሩን ሲነካው አዳራሹ ብድግ አለ። ሁለተኛው ላይማ ግጥሙን ከአፉ ነጠቁት። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ ዘፈነ፤ እንደዚያ ዘፍኖ አያውቅም። አራተኛውን ሲጨርስ ፈገግ አለ።

«ትንሽ ታገሡን፣ ዋናው ዘፋኝ መንገድ ላይ ነው» ብሎ ወረደ።

ከመጋረጃው ጀርባ ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ሲከት፣ ሕዝቡ እንደ ወትሮው ዋናውን ዘፋኝ በስሙ ይጠራ ጀመር። እሱ ይህን ጩኸት መስማት ካቆመ ቆይቷል። ከበሮ መቺው እንጨቶቹን እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

«ምን ነካህ ልሳኑ? ወዴት ነው?»

«አራቱን ጨረስኩ እኮ! ሰውዬው እስካሁን አልደረሰም እንዴ?»

 ከበሮ መቺው መጋረጃውን ገለጥ አደረገለት።

«ልሳኑ! ልሳኑ!» ይላል አዳራሹ።