ራሱን የዘጋ ስልክ

ኦርቪል ዓይኑን ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ከሚያገናኘው ሞደም ቀይ መብራት ላይ ሳይነቅል ቁጭ ብሏል። ሰዎች ወደ ኮምፒውተሩ እየደወሉ የሚጽፉበት የመልእክት ሰሌዳ የመጨረሻ ደዋይ ጽፎ፣ ተሰናብቶ ሄዷል፤ መብራቷ ግን እንደበራች ናት። ድሮ እንዲህ ስትሆን መስመሩን የሚዘጋው በገዛ ጣቱ ነበር፤ ካልዘጋው ሌላ ሰው መደወል አይችልም። በዚህ የተነሳ የሚኒሶታ በረዶ ወርዶ ሲቀልጥ፣ ደግሞ ሲወርድ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ ነው ያየው። ዛሬ ያንን ሥራ እንዲረከበው ኮምፒውተሩንና ሞደሙን የሚያግባባ አዲስ ድራይቨር ጭኗል።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሙሽራ ሆና አባቷን እየጠበቀች ነው!" አለች ሚስቱ ቨርና፣ የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለች። "ወይ እሷን ዳር፣ ወይ ያንን ሳጥን አግባ!"

"አንዴ ቨርንዬ፣ አንዴ ብቻ!" ጣቱን ወደ ማጥፊያው ዘረጋ፤ ግን አልነካውም።

መብራቷ በራሷ ጠፋች። ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ ሞደሙ ራሱ አንስቶ አዲሱን እንግዳ በፉጨት ተቀበለው። ኦርቪል መጋረጃውን የሚያወዛውዝ እፎይታ ተነፈሰ፤ ከረባቱን አስተካክሎም ወደ በሩ ሮጠ።

ቨርና በክንዷ አገደችው።

"መጀመሪያ ሱሪህን ልበስ!"