ጀርባዋን ለአባቷ

ውድነሽ ቤቷ ስትቀመጥ ሁልጊዜ ጀርባዋን ለአባቷ ፎቶ ሰጥታ ነው። መንግሥት ከድሮ የወረቀት ፎቶ በቀር የጋብቻ ማስረጃ አልቀበልም ካለ ወዲህ፣ እንደሷ ያሉ የፎቶ መርማሪዎች ዓይን ውስጥ ሌንስ ተተክሏል። ዓይናቸው ሐሰተኛ ፎቶ ላይ ባረፈ ቁጥር ሌንሱ ለቢሮ ይናገራል፤ ሥራ ቢለቁም አይወጣም። ጋብቻው ውድቅ ከሆነ ደግሞ ቤቱም ይወሰዳል።

የእናትና የአባቷ ብቸኛ የጋብቻ ማስረጃ የሆነው ይህ ፎቶ ሐሰተኛ መሆኑን ሌንሱ ሳይገባላት በፊት ለይታለች። የአባቷ ጥላ ወደ ግራ፣ የእናቷ ወደ ቀኝ ይወድቃል። በተጋቡ በሳምንቱ ዘምቶ ስለቀረ፣ ፎቶ ቤቱ ነው ለየብቻ የተነሡትን ጎን ለጎን ያገናኛቸው።

"አንድ ቀን ቀና ብለሽ አታይውም። ምን በደለሽ?" አሉ እናቷ ወይዘሮ አስካለ።

"ኧረ ምንም፣ እማዬ።"

"ለሙት ዓመቱ እንኳ?"

ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ውድነሽ ዓይኗን ጨፈነች። የምታለቅስ መስሏቸው ጉንጯን ዳበሱ።

"ዓይንሽ እኮ ቁርጥ የሱ ነው" አሏት። "በይ ግለጪና እዪው።"