ደንገጎ ላይ የሚፈላው አልፋ

ሳኒ የጣሊያኑን መኪና የአልፋውን ኮፈን ከፊት፣ የጀርመኑን የፖርሹን ከኋላ ከፈተና በሁለቱ መሃል ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለቱም ሞተሮች ተነስተዋል። መካኒኩ እንዲህ ሲያዳምጥ ማንም አያናግረውም፤ አቦከር ሰፈር ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

የፖርሹ ባለቤት ዮናስ ከድሬዳዋ የመጣው አልፋውን ሊገዛ ነው። የተናኘወርቅ ባል ሀብተወልድ ካረፈ ወዲህ መኪናው ሁለት ዓመት ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ተናኘወርቅ ጠዋት ሸራውን ስትገፍፍ እሺ ልትለው ወስና ነበር።

«ማሻአላህ» አለ ሳኒ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ጀርመኑ እንደ መኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊ ነው፤ አንድ ስፌት አይስት። ጣሊያኑ ግን፣ አቦ፣ ያንጎራጉራል።»

«ታዲያ የቱ ይበልጣል?» አለ ዮናስ።

«ለሚቸኩል ሰው ያንተ።»

ዮናስ ሳቀ። ተናኘወርቅ የፖርሹን ጀርባ ዳሰሰችው። ወንዝ ያለሰለሰው ድንጋይ ይመስላል፤ እጇን የሚያቆም ጠርዝ አላገኘችም። ቆንጆ ነው፤ ልትክደው አልቻለችም። ከጎኑ የአልፋው ቀይ ቀለም ፀሐይ በልቶት የደረቀ ሮማን መስሏል፤ እንዲያም ሆኖ ረጅም አፍንጫው ኩራቱን አልጣለም።

«የኔ ውሃ አያውቅም፣ እትዬ» አለ ዮናስ። «የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ከድሬ ስመጣ የደንገጎን ዳገት አንዴም ሳልቆም ወጣሁት።»

«የኛ ሁልጊዜ ይቆማል። እዚያ ሲደርስ ይፈላል።»

«እሱስ ቀላል ነው። ትልቅ ራዲያተር አስገባለታለሁ።»

ሳኒ ዓይኑን ገለጠ። «እኔም ለጋሼ ሀብተወልድ ስንቴ ልቀይርልዎ ብያቸው ነበር።»

ተናኘወርቅ ዞር አለች። ከሀብተወልድ ጋር ደንገጎ ላይ በቆሙ ቁጥር «መቼ ነው የምታሠራው?» እያለች ትነጫነጭ ነበር። እሱ ኮቱን ድንጋይ ላይ አንጥፎ ያስቀምጣታል። ቤት ውስጥ ቃል የሚቆጥበው ሰው፣ ሞተሩ እስኪበርድ ብርቱካን እየላጠ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለሚፈራው ነገር ሁሉ ያወራታል።

«እሱስ ምን ይልህ ነበር?» አለች።

ሳኒ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «‹ተወው፣ ከተናኘ ጋር የምጫወተው እዚያ ነው› ይሉኝ ነበር።»

እጇን በመስኮቱ አስገብታ የአልፋውን ሞተር አጠፋች። የፖርሹ ድምፅ ብቻውን ቀረ።

«ዮናስ፣ መንገድህን በከንቱ አደረግሁብህ፤ ይቅርታ» አለች። ከዚያም «ሳኒ፣ ቅዳሜ ድሬ ወርጄ ብመለስበት ይችላል?»

«ኢንሻአላህ ይችላል። ደንገጎ ላይ ግን ይፈላል።»

ከአልፋው ኋላ ቢጫውን ጀሪካን አውጥታ ወደ ቧንቧው ሄደች። ውሃው እስኪሞላ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። ሞልቶ በጫማዋ ላይ ሲፈስም አልዞረችም።