ገብስማዋ ዶሮ

ብርቄ ካሏት አምስት ዶሮዎች አራቱ እህል የሚቀምሱት ገብስማዋ ከጠገበች በኋላ ነው። ቀድማ የተጠጋችውን አናቷን ነቁራ ደም በደም ታደርጋታለች። ብርቄ ራሷ እንኳ ትፈራታለች፤ እንቁላል ልታነሳ ጎንበስ ባለች ቁጥር እጇን እየነቆረች ታባርራታለች።

«ቅርጫት ድፊባትና ሁለት ሦስት ቀን ለብቻዋ ትቆይ፤ ጥጋቧ ይበርድላታል» አሏት ጎረቤቷ እትዬ አስካለ።

ብርቄ ቅርጫቱን ልታወርድ ጓዳ ገብታ እየተንጠራራች ሳለ ከጓሮ የዶሮ ጩኸትና የክንፍ መርገብገብ ሰማች። የሁለት ዓመት ልጇ ሰብለ ያኔ ትዝ አለቻት። የጓሮውን በር ሳትዘጋው ነው የገባችው።

«ወይኔ ልጄን! ዓይኗን አወጣችብኝ!» እያለች ወጣች።

ሰብለ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀምጣለች። አገጯና ደረቷ በደም ርሷል። ብርቄ አንስታ አቀፈቻት፤ ፊቷን ለማየት ግን አቅም አጣች። እትዬ አስካለ በሩጫ ሲደርሱ ዓይኖቿን ጨፍና ልጅቷን ሰጠቻቸው።

«እርስዎ ይዩልኝ፣ እኔ አልችልም።»

እትዬ አስካለ ውሃ እያፈሰሱ አጠቧት። ዓይኗ ደህና ነው። ጉንጯም ግንባሯም ላይ ጭረት እንኳ የለም።

«ታዲያ ደሙ ከየት መጣ?» አለች ብርቄ።

እትዬ አስካለ የልጅቷን አፍ ከፈት አደረጉና ከጥርሶቿ መሃል አንድ ገብስማ ላባ መዘው አወጡ።

ገብስማዋ የቤቱ ቆርቆሮ ላይ ወጥታ አንድ እግሯን አንጠልጥላ ቆማለች። እህል ቢበተንላትም፣ ሰብለን እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ አልወረደችም።