ያልቀመስነው ቡና

«ድገመው» እለዋለሁ።

ባለሱቁ ረመዳን ቁልፉን ይጫናል። ከባዱ የቡና ማሽን ያጉረመርማል፤ የተፈጨው ቡና መዳፌ ላይ ይወርዳል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል አሸዋለሁ። የላመ ነው፣ እንደ ጤፍ ዱቄት።

«አየሽ?» እላታለሁ ልጄን። «ነግሬሽ ነበር። ወፍጮ ክብደቱ ነው።»

የሉሊት ዓይን ከጎኑ ባለው ቀጭን ማሽን ላይ ነው። ጅዳ፣ አሠሪዋ ቤት፣ ስድስት ዓመት በየማለዳው ቡና ያወጣችበት የዚያ ዓይነት ነበር። ሁለቱም ለቤት የተሠሩ ናቸው፤ የሁለቱም መፍጫ አብሯቸው ነው። ከእነሱ የሚረክሰው መፍጫ የለውም። ከእነሱ የሚበልጠው የካፌ ነው፤ አቅማችን አይደርስም። ያጠራቀመችው አንዱን ይገዛል፤ ከተሳሳተች ሁለተኛ የለም።

በመንገድ ዳሩ መስኮታችን በኩል ለአስተማሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ቡና ልትሸጥ አስባለች። ካልሆነላት ከፋሲካ በኋላ ጅዳ ትመለሳለች። እሷ አልነገረችኝም። የታደሰ ፓስፖርቷን ሳጥኗ ላይ አይቼዋለሁ።

«ጋሽ አሻግሬ» ይላል ረመዳን፣ «ቡና የሚመረጠው በአፍ ነው እንጂ በመዳፍ ነው እንዴ?»

«እሺ፣ አንተ ቅመሰው።»

ይስቃል። እሱም ጾመኛ ነው፤ ዘንድሮ የእነሱ ጾም ከእኛ ሁዳዴ ጋር ገጥሟል። እኛ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቃለን፤ እሱ ጀምበር እስክትጠልቅ።

«ወላሂ፣ ሦስት ጾመኛ የቡና ማሽን ሲመርጥ ለመካነ ሰላም ከተማ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተመለሱና ቅመሱት እንጂ።»

«እስከዚያ መብራቱ ይቆያል?»

ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል። መብራት የመጣው በሦስት ቀኑ፣ ዛሬ ጠዋት ነው።

«አባዬ የሚያውቁት በአፋቸው አይደለም» ትለዋለች ሉሊት። «ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ነው የኖሩት።»

እውነቷን ነው። የናፍጣ ወፍጮ ነበረኝ። የሰው እህል ሳፈስ የመጀመሪያውን ዱቄት በእጄ ይዤ አየው ነበር። ድንጋዩ ሲለሰልስ አውጥቼ በመዶሻ እወቅረው ነበር። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ስለ ወፍጮ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዛሬ ልጄ «መጥተው ይምረጡልኝ» ስትለኝ ጫማዬን ሳላስር ነው የተነሣሁት።

ግን ወፍጮ በመጀመሪያው ቁና አይታወቅም።

«አምስት ጊዜ አከታትለህ ፍጭልኝ» እለዋለሁ። «የገበያ ቀን ነው በል። ሰው ተሰልፏል።»

«ኧረ ቡናዬን ጨረሱት!»

«ማታ ታፈጥርበታለህ።»

ሦስተኛው ደህና ነው። አራተኛው ይሞቃል። አምስተኛው መዳፌ ላይ ይጓጉላል፤ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋዋለሁ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ድንጋይ ከድንጋይ ተጨናንቆ ዱቄቱን ሲያሳርር የሚመጣው ሽታ ነው። የማሽኑን ጎን እዳስሳለሁ፤ ይፋጃል። መፍጫው ከውሃ ማፍያው ጋር ተጣብቋል። ክብደቱም የማፍያው ኖሯል፤ የወፍጮው አይደለም።

ሉሊት ታየኛለች። ከቤት እስከዚህ ድረስ ስከራከራት ነው የመጣሁት፤ ቀጭኑን አሻንጉሊት ብዬባታለሁ። አሁን አፌን ብይዝ ከባዱን ትወስዳለች። አባቷ ያለውን አታጥፍም።

«ያኛውን አምጣው» እላለሁ።

ቀጭኑ ይጮኻል፤ ይዘገያል። መጀመሪያ የሰጠኝ ቂንጬ ነው። ሉሊት ትንሽዬዋን የማስተካከያ ቀለበት ሁለት ነጥብ ታዞራለች። ይልማል። አምስት ጊዜ አስፈጫለሁ። አምስተኛው ከሁለተኛው አይለይም፤ ቀዝቃዛ ነው፤ እጄን ሳዘነብል ሳይጓጉል ይፈሳል።

«ተሳስቻለሁ» እላለሁ። «የሚሻለው ያንቺው ነው።»

ረመዳን የያዘውን ጨርቅ ያስቀምጣል። «ያ ረቢ! ጋሽ አሻግሬ ተሳሳትኩ ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ!»

«ዝም በል፤ ጾምህን ትገድፋለህ።»

ሉሊት ትስቃለች። ጥርሷን ካየሁ ሰንብቻለሁ።

«መለዋወጫው ይገኛል?» ትለዋለች፣ ሳቋን ሳትጨርስ።

«አብሽሪ። ደሴ አለ፤ ካጣሁም ከአዲስ አበባ አስመጣልሻለሁ።»

የተፈጨውን ቡና የሞላችበትን እጀታ ማሽኑ ላይ በአንድ እጇ ትገጥመዋለች፤ የለመደ እጅ ነው። ቡናው እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል፤ ላዩ ማር የመሰለ አረፋ ይይዛል። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን እናሸታለን። ስኒውን የሚነካ የለም።

«ማሽተት ጾም ያስገድፋል?» ይላል ረመዳን።

«የእናንተን አላውቅም። የእኛ ንስሐ አባት እዚህ የሉም።»

እስክሪብቶ እጠይቀዋለሁ። የማስተካከያው ቀለበት በቆመበት ላይ አጭር መስመር አሰምራለሁ።

«ከዚህ አይለፍ» እላታለሁ። «ሐምሌ ሲገባ ቡናው እርጥበት ይስባል፤ መፍጫውን ያፍነዋል። ያን ጊዜ አንድ ነጥብ ታላይዋለሽ።»

ከተናገርኩ በኋላ ነው የታወቀኝ። ሐምሌ ከፋሲካ ወዲያ ነው። ቀና ብዬ አላያትም።

ሉሊት የእጀታውን አተላ ታራግፋለች።

«ሐምሌማ እርስዎ ነዎት የሚያላሉልኝ» ትላለች። «እኔ መስኮቱ ላይ ሰው ይበዛብኛል።»

ጎንበስ ብዬ ቀለሙ እስኪደርቅ መስመሩን እፍ እላለሁ።