የአርዲስ ወለል

ሌስተር የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ ማብሪያውን ተጫነ። ትንሿ ፓምፕ እዝ አለችና የሞቀው ውሃ ከወለሉ ስር በተዘረጋው ቀጭን ቱቦ መዞር ጀመረ። ትንፋሹን ውጦ የግፊት መለኪያዋ ላይ አፈጠጠ። ቀስቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የሚያፈስ ነገር የለም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጓሮ በቆመችው በመኪና የምትጎተት ቤታቸው ውስጥ ሲንፏቀቅ ከርሟል። የድሮውን ወለል ገነጠለ፤ ቱቦውን ወዲያና ወዲህ እያጠማዘዘ አስተኛ፤ ላዩን በስስ ኮምፔንሳቶ ደፈነው። ጎረቤቱ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ ሰው ወገቡን ያስታምማል እንጂ ወለል አይገነጥልም ብሎ ሲስቅበት ሥራውን ቀጠለ።

ይህን ሁሉ የሚለፋው ለሚስቱ ለአርዲስ ነው። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መቷት ግራ እግሯ ደንዝዞ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤቲቱን እየጎተቱ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ሐይቆች ዳር ሲያድሩ ኖረው፣ ዘንድሮ ግን ሽጣት አለችው፤ ወለሏ በረዶ ነው፣ እኔም ከእንግዲህ ሸክም ነኝ አለች። ወለሉን እስኪያሞቀው ብቻ እንድትታገሰው ለመናት። እሺ አለች፤ ካልወደደችው ግን በማግስቱ ቤቲቱን ለገዢ እንዲሰጥ አስማለችው።

አሁን ክንዱን ተደግፋ ገባች። አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ካልሲዎቿን አወለቀላትና እግሮቿን ወለሉ ላይ አሳረፋቸው። ፊቷን ለማየት ፈርቶ ጣቶቿን ያያል።

«ቀኙን ሞቆታል» አለች።

«ግራውስ?»

«ግራው ምንም አያውቅም፣ ሌስተር።»

ምን ሲጠብቅ እንደነበር ለራሱ የገባው ያኔ ነው። ሐኪም ያቃተውን በቱቦና በፓምፕ ሊያድን! አፍሮ መሣሪያዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

«እስቲ ዞር በልልኝ» አለችው።

ጠረጴዛውን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች። ሊደግፋት ሲል እጁን መታ አደረገችው። ወለሉ ላይ በጎኗ ተጋድማ ጉንጯን ለጠፈችበት፤ ዓይኗን ጨፈነች። ከስንት ጊዜ በኋላ ግንባሯ ተፈታ።

«አንተ ሽማግሌ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እዚህ ላንተም ቦታ አለ እኮ።»

ጉልበቶቹ እየተንቋቁ አጠገቧ ተጋደመ። ሙቀቱ በሸሚዙ አልፎ ወገቡ ውስጥ ገባ። የሐይቁ በረዶ መቼ እንደሚቀልጥ ጠየቀችው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አላት። እሷም በረዶው አንዳንዴ ዘግይቶ እንደሚያውቅ፣ ስለዚህ ጉዟቸው ለግንቦት ይሁን አለች።

ከወለሉ እንዴት እንደሚነሡ ሁለቱም አያውቁም። አልቸኮሉምም።