ከክዳኑ ስር የሚያንኳኳው

ትንሳኤ አንድ የሰይፍና የጭራቅ የኮምፒውተር ጌም አገኘና በውስጡ ያለውን ግንብ አፍርሶ የሚኖርባትን የዲላ ከተማን ተከለበት፤ ገበያውን፣ ባጃጆቹን፣ የገዛ ግቢያቸውን ከነውሃ ጉድጓዱ። በፍላሽ እየገለበጠ ለጓደኞቹ ካደለ ወዲህ ግን አስተያየታቸው እንቅልፍ ነሳው። መቼስ ስለ ጭራቆቹ አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ከጉድጓዱ ክዳን ስር የሚያንኳኳው ምንድን ነው?

ትንሳኤ ለጉድጓዱ ድምፅ አልሰራለትም። ፋይሉን አገላብጦ ቢፈልግም ምንም አላገኘም። ቢቸግረው የግቢውን ድምፅ በሙሉ አጠፋና አዲሱን ቅጂ ለጓደኛው ለኸይረዲን ሰጠው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ኸይረዲን ደወለ።

«አንተ፣ አሪፍ አድርገሃታል! ማንኳኳቱ ቆመ። ክዳኑን መክፈትህ ግን የባሰ ያስፈራል።»

«የምን ክዳን? እኔ አልከፈትኩም።»

«ተው እንጂ! እርጥቡ ዱካስ? ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ በረንዳውን አልፎ፣ ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ይገባል። እዚያ ሲደርስ ጌሙ ቀጥ ይላል።»

ትንሳኤ አፉን ሳይከፍት የእናቱ የወይዘሮ አሰፋች ቁጣ ከበረንዳው ተሰማ።

«ትንሳኤ! ጉድጓዱን ክፍቱን ትተህ ማንን ነው ይዘህ የገባኸው? ቤቱን እኮ በውሃ አጨቀያችሁት!»

ትንሳኤ ከነጋ ከኮምፒውተሩ ፊት ካለው ወንበር አልተነሳም። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ካልሲው ደረቅ ነው።

ያን ጊዜ የተቀመጠበት ወንበር መደገፊያ፣ ከኋላ በኩል፣ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።